የፍቅርአዲስ ጉንጮች

ውባየሁ ከሱዳኗ ዶካ ገበያ ተጠርታ ስትደርስ የሞተችው ፍቅርአዲስ ነጠላ ለብሳ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፤ ደጅ ደግሞ የሰሊጥ ሠራተኞች ባሏን ደረሰን እጁን አስረው ከበውታል። ውባየሁ መተማ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች። ከተሰደደች ወዲህ ሻይ ብትሸጥም፣ ነገር ሲከፋ የሚጠሩት እሷን ነው። መቼም የመርማሪ ዓይኗን ኬላ ላይ አልቀሟትም።

«መርዞ ገደላት!» አለች የሟች ታላቅ እህት ሙሉወርቅ ደረቷን እየደቃች። «የተባይ መድኃኒት ሲገዛ ሰው አይቶታል። ለፖሊስ ስጡልኝ!»

ደረሰ ቀና አላለም። ወረቀት የሌለው ስደተኛ አንዴ ከታሰረ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

ውባየሁ ገብታ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ጉንጮቿ ሞልተው ፊቷ ክብ ሆኗል፤ ክንዶቿ ግን እንጨት መስለዋል። እንዲህ ያለ ጉንጭ ገበያ ውስጥ አይታለች። የት እንዳየችው ትዝ ሲላት ነጠላውን መልሳ ወደ ደጅ ወጣች።

«የተባይ መድኃኒቱ የታለ?» ስትል ደረሰን ጠየቀችው።

«አልጋው ሥር ነው፣ እትዬ። ለሰሊጡ ተባይ ነው የገዛሁት፤ ይዩት፣ አልከፈትኩትም።»

ገብታ ስታይ እውነቱን ነበር፤ እሽጉ አልተነካም።

«ሕመሟስ እንዴት ነበር?»

«ገዳሪፍ ሄዳ የአንገቷን የካንሰር ዕጢ በጨረር ታከመች። ከዚያ ጨረር ያልነካው የብብቷ እብጠት ሳይቀር ሟሸሸ። ዶክተሯ እንዴት ደስ ብሏቸው ነበር! ፊቷ መሙላት ሲጀምር ግን እብጠቱ ተመለሰ። ኋላም ሳል ያዛት። ትኩሳት እንኳ ሳይኖራት ትንፋሽ አጠራት።»

«ምግቧስ?»

«ከእኛው ጋር ነው። ነሻዋን ብቻ፣ ያን ቀጭን የማሽላ አጥሚት፣ እህቷ ለብቻዋ ታመጣላት ነበር።»

ውባየሁ ገበያ ውስጥ ሒናና ሽቶ ወደምትሸጠው ወደ ሉብና ሄደች። ሉብና የጠየቀቻትን አንዲት ትንሽ ፌስታል አውጥታ ሰጠቻትና ሳቀች። «ሙሽሮች ሁሉ ይወስዱታል እኮ፣ ዓዲ ነው፣ የተለመደ! ምን አስፈራሽ?»

ውባየሁ አልሳቀችም። ለፍቅርአዲስ ዶክተር ደውላ ብዙ አዳመጠች። በመንገዷ ሁሉ ያወቀችውን ደብቃ ብትቀር ወደደች፤ ዝም ካለች ግን ደረሰ ለፖሊስ መሰጠቱ ነው።

ሁሉንም ደጅ ባለው ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ደረሰን ፍቱት፤ መርዙ አልተከፈተም» አለች። «አሁን ስሙኝ። ሰውነታችን ዘብ አለው። ጨረሩ ዕጢውን ሲገድለው፣ የሚሞተው ዕጢ ለዘቡ ያሳብቃል፤ ዘቡም ጠላቱን ለይቶ ሌላ ቦታ የተደበቀውን ያሳድዳል። ለብዙ ሰው አይሆንም፣ ብለውኛል ዶክተሯ። ለፍቅርአዲስ ግን ሆኖላት ነበር፤ የብብቷ እብጠት ለዚያ ነው የሟሸሸው። ኋላ አንድ ነገር ዘቡን አስተኛው። ዕጢው ተመለሰ፤ ሳንባዋ ውስጥ በሽታ ሲገባም የሚዋጋላት ጠፋ። ትኩሳት ያልነበራት ለዚህ ነው፤ ትኩሳት የሚመጣው ዘቡ ሲዋጋ ነው።»

ፌስታሏን ምንጣፉ ላይ አኖረቻት። «ዘቡን ያስተኛው ይሄ ነው። የማወፈሪያ ክኒን። ፊት ይሞላል፤ ክንድ ግን አያወፍርም። ከሁላችሁ ተለይታ የምትጠጣው ነሻውን ብቻ ነበር።»

ሙሉወርቅ ፌስታሏን አየች። ዋይታዋ ተቋረጠ።

«ነሻዋ ውስጥ የማሟሟላት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «እሷ አታውቅም። ጨረሩ አከሳት፣ እህቴ አጥንቷ ቀረ ብዬ። ጉንጯ ሲሞላ ዳነች አልኩ... ስለቴን እንኳ ለማርያም ላክሁ እኮ፣ እትዬ! ዳነች ብዬ!»

ውባየሁ በሙያዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያለችውን ግን አይታ አታውቅም።

ደረሰ ገመድ የበላውን እጁን እያሻሸ መጣና ያሳሰረችው ሴት አጠገብ ተቀመጠ።

«እኔም እኮ» አላት፣ «አማረብሽ እላት ነበር።»