የተሰቀለው መጥበሻ

ሐሙስ ጠዋት ሲሐም በሩን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ የምትንከባከባቸውን ሽማግሌ ጋሽ ተክለሃይማኖትን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው አገኘቻቸው። ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዓሣ በሰሐን ቀርቧል። ደንግጣ ፖሊስ ጠራች፤ ቆየት ሲል ግን የራሷ ነገር አስፈራት። አሜሪካ ውስጥ ላንድማርክ በሚባል ሰፈር ያለውን የአፓርታማቸውን ቁልፍ የያዘችው እሷ፣ የልብ መድኃኒታቸውን የምትሰጣቸው እሷ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጾሙ ዓሣ የምትጠብስላቸውም እሷው ናት።

መጀመሪያ የዓሣ አጥንት አንቋቸው ነው ተባለ። የአስከሬን ምርመራው ሲመጣ ግን ጉሮሯቸው ውስጥ አጥንት፣ ሆዳቸውም ውስጥ ዓሣ አልተገኘም። የተገኘው በሻይ የተወሰደ ከልክ ያለፈ የልብ መድኃኒት ነው። ሲሐም ይህን ስትሰማ እንደሚያስሯት ጠረጠረች። ከእስሩ ይልቅ ያስጨነቃት የስምንት ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣት ነበር።

መርማሪ ንግስት እዚያው አቅራቢያ ሴቨን ኮርነርስ ሰፈር ያደገች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት፤ ሲሐምን ይበልጥ ያርበተበታት ይኸው እርጋታዋ ነው። ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትከፍተው ፍሪጅ ነው፤ ፍሪጅ እንደ ሰው ጠበቃዬን ጥሩልኝ አይልም ትላለች። ግማሹ የተበላ ምስር ወጥ አገኘች። ቀጥላ የመግቢያውን በር ዘጋችና ከኋላው ሚስማር ላይ የተሰቀለ መጥበሻ አይታ ቆመች።

«የዚህ ቦታው እዚህ ነው?»

«አይደለም። ረቡዕ ጠዋት ራሳቸው ናቸው የሰቀሉት። ዛሬ ዓሣ የለም፣ ምስር ሥሪልኝ አሉኝ፤ ሠርቼ ወጣሁ። ወላሂ፣ ዓሣውን አላውቀውም።»

«ሌላ መጥበሻ አለ?»

«ያ ብቻ ነው።»

ንግስት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። አላመነችኝም ብላ ሲሐም ፈራች። የደበቀችው ነገር ነበራታ! ሽማግሌው ከመሞታቸው ሦስት ቀን በፊት «ለማንም እንዳትሰጪ» ብለው በእጅ የተጻፈ ደብተር ሰጥተዋት ነበር። ብታወጣው ሰረቀች የሚሏት እየመሰላት መኪናዋ ወንበር ሥር ሸሽጋዋለች።

ጋሽ ተክለሃይማኖት ቶሬቪና በምትባል ትንሽ የጣሊያን የባሕር ዳር ከተማ ጀልባ እየጠገኑ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ስለ ከተማዋም መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የባሕር ወንበዴ ሲመጣ ደወል ይደወልበት ስለነበረው ግንብ፣ ከጀልባ በተረፈ ቀለም በራቸውን ስለሚቀቡት ሰዎች። የወንድማቸው ልጅ ወንድሜነህ እዚያው አብሯቸው አድጎ አሁን ጌይተርስበርግ ይኖራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ማተሚያ ቤት ያለው አክሊል ደግሞ ጽሑፋቸውን በኮምፒውተር ይተይብላቸው ነበር።

ንግስት ሁለቱንም አነጋገረች። ወንድሜነህ አለቀሰ እንጂ ብዙ አልተናገረም። አክሊል ግን አፉ አያርፍም፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንደሚያውቀው፣ ሽማግሌውም እንደ አባቱ እንደነበሩ ተረከላት።

«ረቡዕ ከሰዓት ኮል ሳደርግላቸው ዓሣ እየጠበሱ ነበር» አለ።

በማግስቱ ሲሐም ፍርሃቱን መሸከም አቃታት። ደብተሩን ይዛ ሄደችና ለንግስት ሰጠቻት። «ሌባ ካሉኝም ይበሉኝ» አለች። ንግስት ቆማ ጀምራ ቆማ ጨረሰችው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሦስቱን እዚያው አፓርታማ ሰበሰበቻቸው። ሲሐም ይዘውኝ ሊሄዱ ነው ብላ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አቶ አክሊል» አለች ንግስት «ጋሽ ተክለሃይማኖት የሞቱት ኖቬምበር አሥራ ሁለት ነው። ቶሬቪና በዚያ ቀን ምን ይበላል?»

አክሊል ፈገግ አለ። «የአጥማጆች አገር አይደለች? ዓሣ ነዋ።»

ወንድሜነህ ቀና ብሎ አየው። «በዚያ ቀን?» አለ ቀስ ብሎ።

ንግስት የመጽሐፉ ዘጠነኛ ምዕራፍ የተጻፈበትን ደብተር ገልጣ አነበበች። ከብዙ ዘመን በፊት በዚያ ቀን ማዕበል አሥራ ሰባት አጥማጆችን ወሰደ፤ አንድም አስከሬን አልተመለሰም። ዓሦቹ ወገኖቻችንን ቀምሰዋል ብሎ ከተማው ዕለቱን ዓሣ አይነካም። በየቤቱ መጥበሻ ከበር ኋላ ተሰቅሎ ይውላል።

«መጥበሻው ተሰቅሎ ነበር» አለች። «ስለዚህ ዓሣው እዚህ ቤት አልተጠበሰም። ተጠብሶ መጣ፤ ከሞቱም በኋላ አጥንት ያነቃቸው እንዲመስል ፊታቸው ቀረበ። ያመጣው ሰው ረቡዕ ሲጾሙ ዓሣ እንደሚበሉ ያውቃል፤ ቀኑን ግን አያውቅም። ወንድሜነህ እዚያ አድጓል። ሲሐም መጥበሻው ሲሰቀል አይታ ምስር ሠርታለች። ኮል ስታደርግላቸው ዓሣ አልጠበሱም፣ አቶ አክሊል። የደወልከው ብቻቸውን መሆናቸውን ልታረጋግጥ ነው። ከዚያ መጥተህ መድኃኒታቸውን ሻይ ውስጥ ጨመርክላቸው። ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤትህን ፈትሸናል፤ የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ያንተ ስም ብቻ ነው። እሳቸው ይህን ስላወቁ ነው ደብተሩን የደበቁት።»

አክሊል ሰሐኑ የነበረበትን ጠረጴዛ በእጁ ገፋ።

«ስድስት ዓመት ተየብኩላቸው» አለ። «ስምንቱን ምዕራፍ ሰጥተው ዘጠነኛውን ከለከሉኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሲሐም ወንበሯን ከበሩ ስባ አሳለፈቻቸው። ወንድሜነህ ደብተሩን ተቀብሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሱም ጠርጥሯት ነበርና።

«ልጅሽ የት ናት?» አለች ንግስት።

«ጎረቤቴ ዘንድ ናት። ምናልባት አልመለስም ብዬ አደራ ሰጥቻት ነው የመጣሁት።»

«በይ ሂጂና ውሰጃት።»

ሲሐም ደረጃውን ወርዳ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩን ከማስነሳቷ በፊት ለጎረቤቷ ደወለች፤ እየመጣሁ ነው ለማለት ግን ለቅሶዋ እስኪያባራ መጠበቅ ነበረባት።