ኮፈኑ ላይ ያለው እጅ

አምቦ ውስጥ መኪና ማጠብ የማያውቅ ሰው የለም፤ ቀንዓን የሚያናድደውም ይኸው ነው። አንዱ የልብስ ሳሙና ይዞ ይመጣል፣ ሌላው በረኪና፤ ሌላው ደግሞ ከፍል ውሃው ቀድቶ ያጥብና ቀለሙ ሲዥጎረጎርበት «ምን ነካብኝ?» እያለ ወደ ቀንዓ ላቫጆ ይሮጣል። ቀንዓ እየተነጫነጨ ያስተካክልለታል። አፉ እንጂ ሆዱ ክፉ አይደለም።

ላቫጆው ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ጃለኔ የምትባል ነርስ ትሠራለች። ቀንዓ ጠዋት ጠዋት ጎማ የሚያጥብ ይምሰል እንጂ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ጥቁር ቪትዟን አፍንጫውን ወደ ግንቡ አድርጋ ታቆማለች፣ ትወርዳለች፣ ከመንገዱ ማዶ «አካም ቡልቴ?» ትለዋለች። እሱም ይመልሳል። በቃ፣ ይቺው ናት። በዚህች ሰላምታ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ምን ያድርግ፣ ወዷታል!

ሰኔ ሲገባ መኪናዋን ይዛ መጣችለት።

«ዝናቡ ሳይበረታ ያን ቀለም የሚያሽገውን ሲላንት ቀባልኝ» አለችው። «እንዳይጠፋብኝ የምፈልገው ነገር አለ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«እጠበውና ታየዋለህ።»

አጠበው። ውሃው ከኮፈኑ ላይ እየሸሸ ሲደርቅ አንድ ቦታ ላይ ግን የሰው እጅ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አምስት ጣት፣ ሙሉ መዳፍ። ቀንዓ በጨርቅ ጠረገው፤ አልለቀቀም። ደግሞ ጠረገው። ወይ ፍንክች!

«የዋቅቶላ ነው» አለች ጃለኔ፣ ጎረቤቷን የምታስተዋውቅ ያህል ተረጋግታ።

ዋቅቶላ እጮኛዋ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከባኮ ሲመለስ መንገድ ላይ አመመው። መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ የጋለውን ኮፈን ተደገፈ፣ እዚያው ወደቀ፤ አልተነሳም። እናቱ አዴ ደብሪቱ መኪናውን ለጃለኔ ሲሰጧት «ልጄ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጠብቂልኝ» አሏት። እሑድ እሑድ ከጉደር ይመጡና ያንን እጅ ይስማሉ።

«መጀመሪያ ብዙም አይታይም ነበር» አለች ጃለኔ። «ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደመቀ ነው የሄደው። እየቀረበ የሚመጣ ይመስለኛል።»

«አትፈሪም?»

«እፈራ ነበር። አሁን የምፈራው እሱን የማጣበትን ቀን ነው።»

ቀንዓ እሺ ብሎ ቢቀባላት ደስ ባላት ነበር። ሥራው ላይ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

«ስሚ ጃለኔ። ሲላንት ያገኘውን ነው የሚያሽገው። ቀለሙ እንዲህ ተጫጭሮ ደብዝዞ ብቀባው፣ ጭረቱን ነው የማሽግልሽ። መጀመሪያ ፖሊሽ ያስፈልገዋል። ብርቱ ፖሊሽ አለ፤ እሱ እጁን ጠርጎ ይወስደዋል፣ ከዚያም የራሱን ጭረት የሚያጠፋ ሌላ ፖሊሽ ይከተለዋል። አንዴ ተሄዶበት የሚያበቃም አለ፤ በዚያው አንድ ዙር ቀለል አድርጎ ይልጣል፣ ያበራልም። እሱ ላይ ላዩን ይወስድና ጥልቁን ይተወዋል።»

«እጁ ይተርፋል ማለት ነው?»

«ጥልቅ ከሆነ።»

«ካልሆነስ?»

ቀንዓ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ። እሷም «ላስብበት» ብላ ቁልፏን ይዛ ሄደች።

ሰው ነውና ያን ቀን ክፉ ሐሳብ መጣበት። ብርቱውን ፖሊሽ አንስቶ ሙልጭ ማድረግ፣ ከዚያ «አዝናለሁ፣ አልተረፈም» ማለት። ማን ያውቅበታል? በሕይወት ካለ ወንድ ጋር ቢሆን ወግ ነው፤ ከሞተ ሰው ጋር በምን ይፎካከራሉ? ደግሞ ወዲያው በራሱ አፈረ።

በማግስቱ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ቀንዓ ቁርጡን ልጠይቃት ብሎ ተሻገረ። ግንቡ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የታየው እጅ ብቻ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ኮፈኑ ላይ ያረፈ እጅ። «በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ጉሙ ፈቀቅ ሲል ከእጁ ጀርባ ክንድ፣ ከክንዱ ጀርባ ጃለኔ ወጣች።

አላየችውም። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ እጇን አነሳች፣ ከጋውኗ ኪስ ሳኒታይዘር አውጥታ መዳፏ ላይ አፈሰሰች፣ አሻሸችና ሳይደርቅ እንደገና የጋለው ኮፈን ላይ አሳረፈችው። ልክ እዚያው ቦታ።

ቀንዓ ዋቅቶላን ያውቀዋል። መረብ ኳስ ሲጫወት ኳሱን በአንድ እጁ ጨብጦ የሚያነሳ ሰው ነበር። ኮፈኑ ላይ ያለው እጅ ግን ትንሽ ነው። የጋለ ቀለም ላይ በየጠዋቱ አልኮል ሲያርፍ ቀለሙን በልቶ የእጁን ቅርጽ እንደሚተው ደግሞ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል!

ቢነግራት ዋቅቶላን ሁለተኛ ጊዜ ትቀብረዋለች፣ የነገራትንም ሰው «ዓይንህን አያሳየኝ» ትለዋለች። ባይነግራት የገዛ እጇን አሽጎ ይሰጣትና ዕድሜ ልኳን ከራሷ እጅ ጋር ስታወራ ትኖራለች። ሲብሰለሰል አረፈደ። ለምሳ ስትወጣ ጉሙ ገና አልገፈፈም ነበር። ቁልፏን ተቀብሎ መኪናውን ወደ ላቫጆው ጣሪያ ሥር አስገባ፣ ውሃ ረጨበትና ጠራት።

«እጅሽን አስቀምጪበት።»

«ምን?»

«እጁ ላይ። ማሎ፣ እባክሽ ጃለኔ።»

አስቀመጠች። ጣት በጣት ገጠመ፤ ትንሽ የምትጎብጠው የመጨረሻዋ ጣቷ እንኳን ቦታዋን አገኘች። አንድ ባጃጅ መብራቱን አብርቶ አለፈ።

«ሳኒታይዘሩ ነው...» ሲል ጀመረ።

«ዝም በል!» እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሳበችው። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳናግር የኖርኩት ራሴን ነው? አዴ ደብሪቱ የሚስሙት የኔን እጅ ነው? ምነው ባልነገርከኝ!» ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

«እኔም ባልነግርሽ ይሻለኝ ነበር» አለ ቀንዓ። «ግን የሚወዱትን ሰው እንዴት ይዋሹታል?»

አመለጠው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ጃለኔ እጇን ከፊቷ አንስታ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ዓይኑን ዓይኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት መሬት አላየም።

«አንዴ ተሄዶበት የሚያበቃውን አድርግልኝ» አለች በመጨረሻ። «የኔን እጅ አንሳልኝ።»

ማሽኑን አስነሳ። ሳይቸኩል፣ ሳይጫን ሄደበት። ሲጨርስ ጠረገው፤ የፖሊሹ ቅባት ጭረት ይደብቃልና በአልኮል ጨርቅ ደግሞ ጠረገው። ኮፈኑ እንደ መስታወት ሆነ። ትንሿ እጅ የለችም።

ጃለኔ ጎንበስ ብላ ተነፈሰችበት።

በትንፋሿ ውስጥ እጅ ወጣ። ሰፊ ነው። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ተዘርግተዋል፣ ወድቆ እንዳይቀር የሚጨብጠውን ያጣ ሰው እጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሷ እጅ ሥር ነበር።

«ይሄ የሱ ነው» አለች በሹክሹክታ።

ቀንዓ ዝም ቢል ይችል ነበር። «በብርቱው ብሄድበት ይጠፋል» አላት። «ካልሽ።»

መዳፏን ሰፊው እጅ ላይ አደረገችው። አልሞላውም። ቀስ ብላ አነሳችው።

«ተወው፣ አሽገው። አዴ ደብሪቱም የሚስሙት የልጃቸውን ይሁን። እዚህ ተጣብቆ የቀረው የኔ እጅ ነበር፤ እሱን አነሳህልኝ።»

ያንኑ እጅ ወደሱ ዘረጋችለት። ቀንዓ መዳፉን ቱታው ላይ ጠረገና ያዛት። በሌላው እጁ ሲላንቱን አነሳ፣ የታመመ ሰው እንደሚያሹ ቀስ አድርጎ የዋቅቶላን መዳፍ ይቀባ ጀመር። ፀሐይ ዞር ብላ አላየችም፣ ሞተሩም ከጠፋ ቆይቷል፤ ከጨርቁ ሥር ያለው ብረት ግን ይሞቃል።

«ጃለኔ... ይሞቃል።»

«አውቃለሁ» አለች። የቀንዓን እጅ ግን አልለቀቀችም።