የሙርሺዳ ገመድ በቢጫው ክምር ላይ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ግማሹን ለመንገዱ ይተወዋል። የማወራችሁ ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ ገመድ ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ ሐምሌ ነበር። የጆሃንስበርግ ሐምሌ ብርድ እንጂ ዝናብ የለውም፤ ሣሩ ይነጣል፣ ንፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ከከተማው በስተደቡብ ወርቅ ቆፋሪዎች ዘመን ሙሉ እያወጡ የከመሩት ቢጫ አፈር ለሩቅ ተመልካች ተራራ ይመስላል። በዚያ ወር ወረርሽኙ ከተማይቱን አንቆ ይዟት ነበር፤ መንግሥት ሰው ከሰው እንዳይጠጋ አውጇል፤ ስደተኛ በሚበዛበት በዮቪል ሰፈር ፎቆችም የአምቡላንስ ድምፅ በሰማ ቁጥር «ደግሞ የማን ቤት ይሆን» የማይል አልነበረም።

ወይዘሮ ሙርሺዳ ከእነዚያ ፎቆች በአንዱ ከታናሽ ወንድሟ ከጣሃ ጋር፣ አነስተኛ ሱቅ ይዛ ትኖር ነበር። ማለዳ ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ሥራዋ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ይሰማ እንደሆነ ማድመጥ ነው፤ እናታቸው ከወራቤ «ይህን ልጅ ላንቺ ሰጥቻለሁ» ብለው በስልክ አደራ ጥለውባታልና።

ጣሃ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተደብቆ ታንዛንያን ሲያቋርጥ፣ በሸራው ቀዳዳ የኪሊማንጃሮን በረዶ አይቶ፣ አንድ ቀን እግሬን አንስቼ እረግጠዋለሁ ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር። በወረርሽኙ ዓመት የመኖሪያ ወረቀቱ ተሳካለት፤ ድንበር እስኪከፈት ድረስ የበረዶ መንገድ የሚያስተምረው ሰው ፈለገና አለቃ ኖምሳን አገኘ። አለቃ ኖምሳ በማዕድን ጉድጓድ የተቀበሩትን የሚያወጣ የነፍስ አድን ጓድ ሲመሩ የኖሩ፣ በጡረታቸውም ጀማሪዎችን ወደ በረዶ ተራራ የሚወስዱ ሴት ናቸው።

«የበረዶ ሜዳ አታላይ ነው» ብለው ነገሩት፤ «ስንጥቁን በስስ አመዳይ ሸፍኖ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ሁለት ሰው በአንድ ገመድ ይታሰራል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዘዋል፤ ይዞም ያወጣዋል። ማውጣት ያልተማረ ሰው ከእኔ ጋር አይወጣም።»

ሙርሺዳ ይህን ስትሰማ የገመዱን ሌላ ጫፍ ለባዕድ አልሰጥም አለች። አለቃም ቁርጡን ነገሯት፤ የመጪው እሑድ ፈተና ካላለፈች ጣሃን ከማታውቀው ሰው ጋር ያስሩታል።

በጆሃንስበርግ በረዶ ከየት ይመጣል? ቢጫውን ክምር የዝናብ ጎርፍ ቦርቡሮ ጥልቅ ፈረፈር ቆርጦበት ነበርና፣ አለቃ ያንን ስንጥቅ አደረጉት። ጣሃ አሥራ አምስት እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል፤ አፋፉን ተሻግሮ እንደ ወደቀ ሰው ይንጠለጠላል፤ ሙርሺዳ ደግሞ ትይዘዋለች። ነገር ግን ልጁ ቁልቁል ባለ ቁጥር ሴትዮዋ «እኔን» እያለች ወደ አፋፉ ትሮጣለች።

«ወይዘሮ ሙርሺዳ» አሉ አለቃ ጭንብላቸውን እያስተካከሉ፣ «ዛሬም ሁለታችሁ ሞታችኋል።»

«ምን ላድርግ አለቃ? በእኛ አገር ሰው ሲያደናቅፈው ደርሶ ያልደገፈ ሰው ሰው አይባልም።»

«ወደ እሱ ሲሮጡ ገመዱ ይላላል፤ እሱ የባሰ ይወርዳል፤ እርስዎንም ይስብዎታል። ወደ ኋላ ተወርውረው ይተኙ፤ የያዙትን የበረዶ ዶማ በደረትዎ ተጭነው ይትከሉ።»

ጣሃ ከፈረፈሩ ውስጥ ሳቀ። «እትዬ፣ እኔ ወድቄ ሳልጨርስ አንቺ ቀድመሽኝ ትደርሻለሽ፤ ከታች ሻይ አፍልተሽ ጠብቂኝ።»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የአገራቸው ሰዎች ዕድር ዳኛ ሐጂ አብዱልመጂድ በወረርሽኙ አረፉ። ታመመ የተባለውን ሁሉ በየደጁ እየዞሩ ሲጠይቁ፣ ትራስ ሲያቀኑ፣ ውኃ ሲያቀምሱ ከርመው ነበር። ሙርሺዳ ጀናዛቸውን ከመንገዱ ማዶ ቆማ ሸኘች፤ እግሯ ሊሻገር ሲል ሁለት ጊዜ መለሰችው። እኒያን ሰው በሩቁ መሸኘት በደል ሆኖ እያንገበገባት ቤቷ ገባች።

እሑድ መጣ። አለቃ ከፈረፈሩ ማዶ ቆመው ይመለከታሉ። ጣሃ በቀስታ ሊወርድ ጀርባውን እንዳዞረ፣ የደረቀው አፋፍ ከሥሩ ተገምሶ ከነልጁ ሄደ። ይህ ልምምድ አልነበረም።

ሙርሺዳ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደች። ከማዶ «ፓንሲ!» የሚል የአለቃ ድምፅ ደረሳት፤ በዙሉ ቋንቋ ወደ ታች ማለት እንደሆነ ከሱቅ ደንበኞቿ ታውቀዋለች። ወደ ኋላ ተወረወረች፤ ተገለበጠችና ዶማውን በደረቷ ተጫነችው። ገመዱ ወገቧን ቆልምሞ በሆዷ ጎተታት፤ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፤ ከዚያ አፈሩ ዶማውን ያዘና ቆመች።

«ጣሃ» አለች። መልስ የለም። አቧራው አልበረደም፤ አለቃም ፈረፈሩን ዞረው እስኪደርሱ ሩቅ ነበር።

ልቧ ተነሽ፣ ሩጪ ይላታል። እሷ ግን እንደተኛች በአንድ እጇ አፈሩን ቧጠጠች፤ አለቃ እንዳስተማሯት በወገቧ የሸጎጠችውን ባዶ የበቆሎ ዱቄት ጆንያ በአሸዋ ሞላች፤ አፉን እንደ ባለ ሱቅ አጥብቃ በጠፍር አሰረች፤ ጉድጓድ ውስጥ ጋድማ ቀበረችው። የጠፍሩን ጫፍ በትልቁ ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመች፤ ሲሳብ ነክሶ የሚይዘው ቋጠሮ ይህ ነው። ሸክሙን ቀስ አድርጋ ለጆንያው ሰጠች። ጆንያው ተንቀጠቀጠ፤ ያዘም። ያኔ ብቻ፣ ራሷን ከጆንያው ጋር አስራ፣ በደረቷ እየተሳበች ወደ አፋፉ ደረሰች።

ጣሃ ትከሻው ወልቆ፣ ፊቱ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል።

«እኔን» አለች፤ እንደተኛች፣ በለሆሳስ።

ዓይኑን ገለጠ። «ደረስሽ? ዛሬስ ዘገየሽ፣ እትዬ።»

አለቃ ሲደርሱ ገመዱን በመዘውር አዙረው ሁለቱ ሴቶች እየተፈራረቁ ስበው አወጡት። ጆንያውን ከመሬት ለማውጣት ግን ሁለቱም ታግለው አልቻሉም፤ እዚያው ትተውት ሄዱ።

የዚያን ሐምሌ ጋዜጦች የሞቱትን በቁጥር ጽፈዋል፤ የዕድሩም መዝገብ የሐጂን ስም በክብር ይዟል። ያች እሑድ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለችም፤ ሰው ሳይሞት የቀረበትን ቀን ማን ይመዘግባል? ጣሃ በረዶውን የረገጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከኋላው በአሥራ አምስት እርምጃ እህቱ ነበረች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አደራ፤ ወደ ታመመው ሁሉ የሮጡትን ሐጂን ክፉ አትበሉብኝ፤ ፍቅራቸው ነው ያስሮጣቸው። ያችንም በደረቷ ተኝታ የያዘችውን፣ ስታስታውሱ አስታውሱልኝ።