የካልሲው ጫጩት

«ዝም በል እንጂ፤ ላርድህ አይደለም» አለች ያሬሊ፣ የቁስል ፕላስተሩን ጫፍ በጥርሷ እንደያዘች።

ጫጩቱ ዝም አላለም። ከእንቁላል እምብዛም አይበልጥም፤ ቀለሙ ደግሞ እንደ ርካሽ ከረሜላ ደማቅ ሮዝ ነው። ሁለት እግሮቹ ግራና ቀኝ ተበርግደው በሆዱ ተነጥፏል። ሊነሳ በሞከረ ቁጥር እግሮቹ ጭራሽ ይራራቁና ምንቃሩ ከኩሽናው ጠረጴዛ ጋር ይላተማል።

ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ ያውም በደግነት የተሠራ ጥፋት። ቅዳሜ ዕለት የቆራሌው መኪና በድምፅ ማጉያው «አሮጌ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ የተሰበረ ብረት» እያለ ሰፈሩን ሲዞር፣ እናቷ የተቃጠለውን ካውያ ሰጥታ በባልዲ እንድትለውጠው ላከቻት። ቆራሌው ግን ከባልዲዎቹ ጎን ሮዝ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተነከሩ ጫጩቶች በካርቶን ይዞ ነበር።

«ባልዲ ነው ያልኩሽ» አለች እናቷ።

«ባልዲ ስትጠሪው አይመጣም፣ እማ።»

ከዚያ ማደሪያ አበጀችለት። በእነ ያሬሊ ቤት ጠረጴዛው፣ ሶፋው፣ የፍሪጁ አናት ሳይቀር ላስቲክ ለብሷል፤ የተከበረ ነገር ሁሉ ላስቲክ ይነጠፍለታል። እሷም ከአሮጌው የጠረጴዛ ላስቲክ የሱፍ አበባ ያለበትን ቆርጣ በጫማ ካርቶን ውስጥ አነጠፈችለት። ሲያዩት ያምር ነበር። ሞላጫው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲንሸራተት ያደረው ጫጩት ግን እሑድ ጠዋት እግሮቹ እንደ መቀስ ተከፍተው ተገኘ።

ጎረቤታቸው እትዬ ቾሌ ዶሮ ያረባሉ፤ ካርቶኑን ገና ሲያዩት ገባቸው። «በሙልጭልጭ ነገር ላይ ጫጩት ያሳድራሉ? ጅማቱ ገና ውሃ ነው እኮ። አምጪው ልገላግለው። አንገቱን ጠምዘዝ ነው፣ ሳያውቀው ያልፋል።»

«እርስዎን ጉልበትዎን ሲያምዎት ማን አንገትዎን ጠመዘዘ?»

እናቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት። እትዬ ቾሌ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። «ስሙን ሞሌ በይው እንግዲህ። ከዳነ የሚገባበት ወጥ እሱ ነው።»

ስሙ በዚያው ቀረ። ሲወጡም በሩ ላይ ቆም ብለው፣ እግሮቹን በፕላስተር አቀራርባ ብታስራቸውና ሻካራ ፎጣ ላይ እየደጋገመች ብታቆመው ምናልባት ሊጠና እንደሚችል ነገሯት። «ምናልባት ነው ያልኩት» አሉ።

እናቷም ፍርዷን ሰጠች። «አንድ ሳምንት። በራሱ ቆሞ መብላት ካልቻለ እትዬ ቾሌ ይወስዱታል። ሲሰቃይ ማየት አልፈልግም።»

«ይቆማል።»

«ጠየቅኩሽ?»

እነሆ አሁን ያሬሊ ፕላስተሩን በአንዱ እግር አዙራ፣ ወደ ሌላው አሻግራ፣ መልሳ አጣበቀችው። በፎጣው ላይ አቆመችው። ወደቀ። አነሳችው። በአፍንጫው ተደፋ። አነሳችው። በጣቷ ጫፍ ውሃ እያንጠባጠበች፣ የፈጨችውን በቆሎ በምንቃሩ ሥር እያስጠጋች እስኪመሽ ድረስ ሲታገሉ ዋሉ።

ችግሩ ሰኞ ነው። እናቷ ወደ ልብስ ፋብሪካው የምትሄደው ገና ሳይነጋ ነው። ሞሌ ደግሞ በጀርባው ከተገለበጠ መዞር አይችልም፤ ውሃም ካላቀረቡለት አይደርስበትም። ከማሊንቼ ተራራ የሚወርደው የጠዋት ብርድ ትልቅ ሰው ያንቀጠቅጣል። ባዶ ቤት ትታው ብትሄድ ከሰዓት የምታገኘው እሬሳውን ነው። ስለዚህ የሱፍ ካልሲ ፈልጋ አንገቱ ድረስ ከተተችውና፣ ከትምህርት ቤት ሹራቧ ሥር ደረቷ ላይ ሸጎጠችው።

ሰኞ ደግሞ የሰንደቅ ሥነ ሥርዓት ቀን ነው። ተማሪው ሁሉ በግቢው ይሰለፋል፣ ስድስት ልጆች ነጭ ጓንት አጥልቀው ሰንደቁን ያዞራሉ፤ የስድስቱ አዛዥ ያሬሊ ናት። አምስቱ የደረጃ ተማሪዎች ናቸው። እሷን ግን በውጤቷ ቢሆን ኖሮ ከሰንደቁ ጥላ ሥርም አያደርሷትም ነበር፤ የተመረጠችው በጉሮሮዋ ነው። የሰልፉ አሠልጣኝ ቲቸር ኤቬሊያ ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ስትሳደብ ሰምተዋት «ይሄን ድምፅ ለቁም ነገር እናውለው» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ልምምድ ቀርታ አታውቅም። በትምህርት ቤት የሚያኮራት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው። የትምህርት ቤቶቹ የሰንደቅ ሰልፍ ውድድር ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

«ደረትሽ ላይ ምንድነው?» አለቻት ዳማሪስ፣ ጓንታቸውን ሲያጠልቁ። ጓደኛዋም በሰልፉ ውስጥ ናት።

«ልቤ።»

«ልብሽ ይጮሃል?»

«ቁርስ አልበላም።»

ዳማሪስ የሹራቡን አንገት ሳብ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች። አንድ ሮዝ ጭንቅላትም ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ልጅ ለይቶልሻል። በቦርሳሽ አታስቀምጪውም?»

«ቦርሳ ይበርዳል።»

«ቲቸር ካየች አለቀልሽ፤ ውድድሩንም እርሺው።»

«አታይም» አለች ያሬሊ፣ ሹራቧን እያስተካከለች።

ሰልፉ ተጀመረ። ያሬሊ «ተጠንቀቅ!» ስትል ሞሌ ከውስጥ «ጪው» አለ። «ወደፊት ሂድ!» ስትል «ጪው» አለ። የመጀመሪያው ረድፍ ልጆች ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያሬሊ ፊቷን እንደ ድንጋይ አድርጋ፣ ጉልበቷን ከፍ እያደረገች መራመዷን ቀጠለች።

ግቢውን ሲያጋምሱ ካልሲው ተንሸራተተ። ከደረቷ ወደ ሆዷ፣ ከሆዷ ወደ ቀሚሷ መቀነት ወርዶ እዚያ ተቀረቀረ። በጭንቅላቱ መተከሉ ታወቃት። ሞሌ አንዴ ታፍኖ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ጩኸቱ ያሳፍራት ነበር። ዝምታው ግን አስፈራት።

ቆሙ። መዝሙሩ ተጀመረ። ስድስት መቶ እጅ ለሰላምታ ደረት ላይ ወጣ፤ የእሷም ወጣ። መዝሙሩ ሲዘመር የሰልፉ አዛዥ ዝንብ ዓይኗ ላይ ብታርፍ እንኳ አትነቃነቅም። ያሬሊ መዝሙሩ ስንት ስንኝ እንደሚቀረው በልቧ አሰበች። ብዙ ነበር። ከሆዷ ላይ አንዲት ትንሽ መንፈራገጥ ተሰማት፤ ከበፊቱ የደከመች።

እጇን አወረደች።

ሹራቧን ገልባ ካልሲውን ጎተተችውና ሞሌን አወጣችው። ጭንቅላቱ ዘንበል ብሎ፣ ዓይኑ ተከድኖ ነበር። በሁለት ጣቷ ደረቱን አሸት አሸት አደረገችው፤ እፍ አለችበት። ምንቃሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ከዚያ ከመዝሙሩ በላይ የሚሰማ «ጪው» ለቀቀ። በአንድ እጇ ይዛው በሌላው ሰላምታዋን መለሰች፤ ሰንደቁን የማስገባቱንም ትእዛዝ በዚያው ድምጿ ሰጠች። መላው ትምህርት ቤት ይስቃል። ነጩ ጓንቷ በሞሌ ቀለም ሮዝ በሮዝ ሆኗል።

ቲቸር ኤቬሊያ ኮሪደሩ ላይ ጠበቋት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እግሩ ነው፣ ቲቸር። እስኪቆም ቤት ብቻውን መዋል አይችልም።»

«ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ልምምድ አለ። በሰልፌ ውስጥ ሁለተኛ እንዳላየው። ብቻሽን ትመጫለሽ፣ ወይ ሌላ አዛዥ እፈልጋለሁ።»

«ክፍል ውስጥስ ይዤው ብገባ?»

«ሒሳብ የማስተምርሽ እኔ ነኝ?»

«አይደሉም።»

«እንግዲያው ስለ ክፍል አትጠይቂኝ» አሉና ወደ ጫጩቱ ጎንበስ ብለው ትንሽ ተመለከቱት። «አስበሽ ንገሪኝ።»

ያሬሊ አሰበች። በውድድሩ ቀን እናቷ ፈቃድ ወስዳ ልታያት ነበር፤ በፋብሪካው ላሉት ሴቶች ሁሉ አውርታለች። ሞሌ በመዳፏ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ሆዱ ይነፋል፣ ይሟሽሻል።

«ዳማሪስ ትእዛዞቹን በቃሏ ታውቃለች» አለች፣ ጓንቱን እያወለቀች። «ጓንቱን አጥቤ ነው የምመልሰው።»

ዳማሪስ ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች። «እኔ? እኔ ስጮህ እኮ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ነው የምመስለው።»

«ከሆድሽ አውጪው፤ ከጉሮሮሽ አይደለም። ከትምህርት በኋላ አሳይሻለሁ።»

«ስለ አንድ ዶሮ ብለሽ።»

«ዶሮ ገና አልሆነም።»

ያን ቀን ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ሳህኑን አጥባ ጨረሰች። ከዚያ ያልተጠየቀችውን አሮጌ የሱፍ ሻርፕ ከቁም ሳጥን አውጥታ ካርቶኑ አጠገብ አስቀመጠች። «ሳምንት ብያለሁ፤ ሳምንት ነው» አለች ብቻ።

ማክሰኞ ጠዋት ያሬሊ ማንም ሳይገባ ክፍል ገብታ፣ ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘውን የመስኮቱን ወንበር ያዘች። ሻርፑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሞሌን በላዩ አቆመችው። ከግቢው የዳማሪስ ድምፅ መጣ፤ ቀጥኖ ወጣ፣ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። ወደ ቀኝ መዞሪያውን አዘግይታ አዘዘችና ሰልፉ ተደናበረ፤ ጫማዎች ተጋጩ። ያሬሊ ሳታስበው ከወንበሯ ተነሳች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ አንድ ጊዜ ብትጮህ ሁሉንም ቀጥ ታደርጋቸዋለች።

ሞሌ ሁለት እግሮቹን ሻርፑ ላይ ተክሎ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመና በምንቃሩ ተደፋ።

መስኮቱን ዘጋች። ተቀመጠችና ጣቷን ውሃ ውስጥ ነከረች።

«እንደገና» አለችው።