አሥራ ሁለተኛው ዛፍ

ወሬውን ሳልጀምር ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ጂን፣ ጋኔን፣ ዛር ሲባል የምፈራ ሳይሆን የምናደድ ሰው ነኝ። እናቴ «በቀትር ዛፍ ሥር አትቀመጪ፣ ቀትር የእነሱ ሰዓት ነው» ስትለኝ ሆን ብዬ ምሳዬን ይዤ ወጥቼ ዛፍ ሥር የምበላ ልጅ ነበርኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የደን ትምህርት ከተማርኩ በኋላማ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ዛፍ ማለት ሥር፣ ግንድ፣ ቅርፊትና ቅጠል ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም እያልኩ ከሰው ጋር የምጣላ ሆንኩ። አሁንም አለበት እያልኩ አይደለም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ሥራዬ መርሳ ውስጥ የመንገድ ዳር ዛፎችን መከታተል ነው። «ዛፍ ምን ክትትል ያስፈልገዋል፣ ይሸሻል እንዴ?» እያሉ የባጃጅ ልጆች ይስቁብኛል፣ ይሳቁ፣ እነሱው ናቸው ፀሐይ በጠና ቁጥር ጥላው ሥር ለመቆም የሚጋፉት። ክረምት ሲገባ ግን ያረጀ ዛፍ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ስለዚህ ዝናቡ ሳይመጣ እያንዳንዱን ትልቅ ዛፍ እመረምራለሁ። ግንዱን በአራቱም ጎን ሦስት ሦስት ጊዜ በመዶሻ አንኳኩቼ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ፣ ውስጡ ድፍን ከሆነ አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ከተቦረቦረ እንደ ባዶ ጋን ያስተጋባል። ጤነኛው ወገቡ ላይ ነጭ ኖራ ይቀባል፣ የታመመው ቀይ ቀለም ተቀብቶ ይቆረጣል። ሳንኳኳ ደግሞ አንድ አመል አለችኝ፣ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ እመታና ትንፋሼን ያዝ አድርጌ ሦስተኛውን ዘግይቼ እመታለሁ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ እጄ የለመደው ነገር ነው። ይቺን አመል ያዙልኝ።

ባለፈው ግንቦት በዋናው መንገድ ዳር ያሉ አሥራ ሁለት ዛፎች ተሰጡኝ። አሥራ አንዱን እንደ ደንቡ አንኳኳሁ፣ ማርያምን፣ አንድ ጎን አልዘለልኩም። አሥራ ሁለተኛው መናኸሪያው አጠገብ የነበረው ትልቁ ሾላ ነው። እሱ ጋ ስደርስ ወልድያ ለስብሰባ የሚወስደኝ መኪና መጥቶ ሾፌሩ ጥሩምባውን ያምባርቅብኛል፣ እኔ ደግሞ ሰው ሲያጣድፈኝ እጅ እግሬ የሚጠፋኝ ሰው ነኝ፣ ቀና ብዬ አየሁት፣ ቅጠሉ ለምልሟል፣ ፍሬው ግንዱ ላይ ተንዠርግጓል፣ «እንዲህ ያማረ ዛፍ ምን ይሆናል» አልኩና ሾላ በድፍን ብዬ ቅጹ ላይ «ጤነኛ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። በመዶሻዬ ጫፍ እንኳ አልነካሁትም። በማግሥቱ ተመልሼ ኖራ ቀባሁት፣ ያኔም ላንኳኳው እችል ነበር፣ ግን ፈርሜያለሁ፣ የፈረምኩትን መልሼ መነካካት ደበረኝ።

በዚያ ሾላ ሥር ጋሽ ካሳው የሚባሉ ጎሚስታ ጎማ ይሠሩ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት መግባት ስለሚከብዳቸው ቀኑን ሙሉ ከዚያ አይነሱም፣ ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ፣ ቀትር ላይ ኮምፕሬሰሩን አጥፍተው ራሳቸውን ወደ ግንዱ አድርገው፣ አሮጌ ጎማ ተንተርሰው ጋደም ይላሉ። ኖራውን ስቀባ ጠጋ አሉኝ።

«ደህና ነው ልጄ? አየሽው?»

«ደህና ነው ጋሽ ካሳው፣ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ይቆያል።»

«ተመስገን። ሰሞኑን ነገረ ሥራው አላማረኝም ነበር» አሉና የያዙትን ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውሃ የሞላው ገንዳ ውስጥ ደፈቁት፣ አረፋው በየት በኩል እንደሚወጣ እያዩ፣ «ላይ ላዩንማ ሁሉም ደህና ይመስላል። እኔ ውሃ ውስጥ ሳልነክር ደህና ነው ብዬ ለሾፌር አልሰጥም፣ ነፍሱን ይዞ ነው የሚሄድበት» አሉ።

እኔን ለመንካት ብለው አልነበረም፣ ስለ ሥራቸው ነው ያወሩት። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፣ የኖራ ባልዲዬን አንስቼ ሄድኩ።

ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ለምሳ ወደ ቤት ስሄድ በሾላው አጠገብ አለፍኩ። የመርሳን የግንቦት ቀትር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ውሻው እንኳ አይጮህም፣ ባጃጆቹ ጥላ ፍለጋ ተበትነዋል፣ አስፋልቱ ይንቀለቀላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቆየት ብሎ ሌላ ቋ። ግንደ ቆርቁር ነው ብዬ ወፏን ለማየት አንጋጠጥኩ፣ ወፍ የለም፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ድምፁ ቆመና እኔም ሄድኩ፣ ምሳዬን ግን እንዴት እንደበላሁት አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፣ «እንጨት በሙቀት ይኮማተራል፣ ሲሰነጠቅ ይንኳኳል፣ ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ሦስት ሦስት እየቆጠረ?» አልኩት፣ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ።

በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሆን ብዬ ሄድኩ። ቋ፣ ቋ፣ ከዚያ ትንፋሽ ያዝ ተደርጎ፣ ቋ። ሁለቱ ቶሎ ቶሎ፣ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ። የራሴን አመል ስሰማው ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ፣ እመኑኝ፣ ሰው የራሱን አረማመድ ከኋላው ቢሰማ እንደዚያ ነው የሚሆነው። አንድ ቀልደኛ ግንዱ ጀርባ ተደብቆ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ሮጬ ዞርኩ፣ ማንም የለም። ድምፁ ወደሚቀጥለው ጎን አለፈ፣ ተከተልኩት፣ ወደ ሦስተኛው ዞረ፣ ወደ አራተኛው፣ እያንዳንዱ ጎን ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም አለ። ልክ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ዛፉን የሚመረምረው ይመስል ነበር።

ዞር ስል ጋሽ ካሳው ጎማቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኛል።

«አንቺም ሰማሽው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኖራውን ከቀባሽው ማግሥት ጀምሮ። መጀመሪያ'ኮ አንቺ መስለሽኝ፣ ይቺ ልጅ በዚህ ፀሐይ ምን ታደርጋለች ብዬ ተነስቼ ፈልጌሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ካሳው ጃጀ እንድትይኝ?» አሉና አማተቡ።

እኔ ሌላ ጊዜ ሰው ሲያማትብ ሰዓቴን የማይ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን አብሬያቸው አማተብኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ያስጨነቀኝ ግን ጋኔን አልነበረም። ያቺ ፊርማ ነበረች። ዛፉ ባዶ ከሆነ እኚያ ሰውዬ ጭንቅላታቸውን አስጠግተው የሚተኙት እኔ ደህና ነው ስላልኳቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን መዶሻዬን ይዤ ሄድኩ። በአንደኛው ጎን አንኳኳሁ፣ ድፍን ነው። በሁለተኛው፣ ድፍን። ሦስተኛውም ደህና ነው፣ ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። አራተኛው ጋሽ ካሳው ራሳቸውን የሚያስጠጉበት ጎን ነው። አንዴ መታሁ፣ ዱምምም አለ፣ ባዶ ጋን! ደግሜ መታሁ፣ ዱምምም። እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ፣ መዶሻዬ አየር ላይ ነው፣ ገና አላወረድኩትም፣ ሦስተኛው ከውስጥ መጣ።

ዱምምም።

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ጋሽ ካሳው የጭነት መኪና ጎማ እየፈቱ ነበር፣ ክንዳቸውን ይዤ ስጎትት፣ «ኧረ ቆይ፣ ይህን ልጨርስ፣ ሾፌሩ እየጠበቀኝ ነው» አሉኝ። ክንዳቸውን አልለቀቅኩም።

«ጋሽ ካሳው፣ ዋሽቼዎታለሁ፣ ይሄን ዛፍ አላንኳኳሁትም። ሳላየው ነው የፈረምኩት።»

አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጎማውን እያንከባለሉ ወጡ፣ እኔና ሾፌሩ ኮምፕሬሰሩን ጎትተን አወጣን፣ ሰዉን አራቅን፣ ኖራው ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁበት። ያን ዕለት አሥር ሰዓት ሳይሞላ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ሾላው እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ ተጋደመ። ሰው አልነካም። የጋሽ ካሳው ጎማ መንከሪያ ገንዳ ብቻ ረስተነው ቀርቶ እንደ ወረቀት ተጣጥፎ ተገኘ። ከተማው «ቀድማ ያወቀች» እያለ አመሰገነኝ፣ እኔ ቢሮ ገብቼ እውነቱን ተናገርኩና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ይገባኛል።

ግንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ውስጡን አየሁት። የተቦረቦረው ግድግዳ ላይ፣ ከደረቴ ትይዩ፣ በአራቱም ጎን ክብ ክብ ጉድጓዶች አሉ፣ ሁለት ተጠጋግተው አንድ ራቅ ብሎ። መዶሻዬን አስጠጋሁ፣ ልክክ አለ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ ፎቶው ላይ የሚታየው ጥቁር ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ግንዱን ደግሞ በማግሥቱ ቆራጮች ከትፈው ወሰዱት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የረዳኝ መልአክ ነው ብዬ ዝም እል ነበር።

ጋሽ ካሳው ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ዋንዛ ተዛወሩ፣ እኔው ነኝ የመረጥኩላቸው፣ ከአሥራ ሁለቱ አራተኛው ነው፣ በሚገባ ያንኳኳሁት ዛፍ። ከመዛወራቸው በፊትም ዐይናቸው እያየ ደግሜ አንኳኳሁት፣ ከግንብ የጠነከረ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ሰላም ልላቸው ሄድኩ፣ ጋደም ብለዋል፣ ወፍጮው ቆሟል። ቋ፣ ቋ። ከዚያ ቋ።

«ጋሽ ካሳው፣ ሰሙት?»

«ምኑን?»

«ሲንኳኳ!»

ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ፣ እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ድምፁን እየሰማሁ ነው፣ ከጭንቅላታቸው በላይ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ። «እኔስ ምንም አልሰማሁ» አሉ። «ይሄን ደግሞ አንቺው አንኳኩተሽ ደህና ነው ብለሽኛል። ጥፋቷን በአፏ የነገረችኝን ልጅ አምናታለሁ» ብለው ጎማቸውን ተንተርሰው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ምን ልበላቸው? ጤነኛ ዛፍ ቀይ ቀብቼ ባስቆርጥ ቅጹ ላይ ምን ብዬ እጽፋለሁ፣ ሽማግሌውንስ ደግሞ ወዴት አባርራቸዋለሁ? ዝም ብልስ? ወይስ ነገሩ መጀመሪያውንም ዛፍ ውስጥ አልነበረም፣ እኔ ጋ ነው ያለው? ፈራሁ፣ በግልጽ ልንገራችሁ፣ በጣም ፈራሁ። አሁን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መዶሻዬንና ቀይ ቀለሜን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሳቸው እንዳይነቁ በቀስታ አንኳኳለሁ፣ ሁሌም ድፍን ነው። ሁለቴ መትቼ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሦስተኛውን እስካሁን አንድም ቀን እኔ መትቼው አላውቅም።