የሁለት ሰው ንባብ

ፔደር ሎንግ የሞተው ተንበርክኮ ነው። በስኪልቪካ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በባሕሩ በኩል፣ ሰጥመው የተገኙ መርከበኞች በተቀበሩበት ጥግ፣ አንድ ጥቁር ሐውልት ፊት ለፊት ተደፍቶበት ተገኘ። አጠገቡ ባልዲና ለስላሳ ብሩሽ ነበሩ። ከደረቱ ሥር፣ ረቡዕ ማታ የወረደው ዝናብ ያልነካው አንድ የመመዝገቢያ ወረቀት ወጣ።

ኢንስፔክተር ቱሪል ሞ ወረቀቱን አንብባ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጽሑፉ የፔደር ነው፤ «አንደርስ ሃውግላንድ፣ መርከበኛ። ከባሕር ወጥቶ የተቀበረው ኦክቶበር 9 ቀን 1948።» ከታች ሁለት የፊርማ ቦታ አለ። «አንባቢ» በሚለው ላይ ፔደር ፈርሟል፤ «አረጋጋጭ» የሚለው ባዶ ነው።

አስከሬኑን ያገኘው የመቃብሩ ጠባቂ ኬቲል ነበር። ሐሙስ ጠዋት እዚያው ቆሞ ቆቡን በእጁ ያሻል።

«እኔ እኮ ገና በጸደይ ነው ቢጫ ምልክት ያሰርኩበት» አለ። «ይነቃነቃል፣ ራቁ ብያለሁ። ማን ይሰማኛል! እነዚህ የትውልድ ሐረግ ማኅበር ሰዎች ሙት ካገኙ በሕይወት ያለ ሰው አይሰሙም።»

«ረቡዕ ከሰዓት ምንም አልሰማህም?»

«ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዝናቡ ድረስ በወዲያኛው በኩል ሣር ሳጭድ ነበር። ማሽኑ ሲጮህ መድፍ ቢተኮስም አልሰማ። ቄሱ በመስኮታቸው ሲያዩኝ ነው የዋሉት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደዚህ ብቅ ስል... ያው። ሮጬ ማኅበሩ ክፍል ገባሁና ደወልኩ።»

የቱሪል አለቃ በስልክ «አደጋ ነው፤ እስከ ነገ ዝጊው» ብሏታል። አደጋም ይመስላል። ግን አንድ ነገር አልዋጥላት ብሎ፣ ሐኪሙ ሞተ ባለበት ሰዓት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰች። ፀሐይዋ እንደ ትናንቱ ከምዕራብ ታበራለች። በወደቀው ሐውልት ጎን ካሉት አንዱ ፊት ተንበረከከችና ልታነብ ሞከረች። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ስለቆሙ ጥላ ውጧቸዋል። ፊደሉን ጨው በልቶታል፤ የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። አንድ ዓመተ ምሕረት እንኳ መለየት አቃታት።

«ኬቲል! ሰዎቹ እንዴት ነው እነዚህን የሚያነቡት?»

«በዚህ ሰዓት? አይሞክሩትም። እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ፀሐይዋ በጎን ስትመጣ። ካልሆነም በመስታወት።»

«በመስታወት እንዴት?»

«አንዱ ትልቁን መስታወት ይዞ ብርሃኑን ወደ ድንጋዩ ይመልሰዋል፤ ሌላው ተንበርክኮ ይጽፋል። የሁለት ሰው ሥራ ነው እንጂ ለብቻማ ስንት እጅ አለሽና!»

ቱሪል ዙሪያዋን አየች። ባልዲ፣ ብሩሽና ወረቀት ተገኝተዋል። መስታወት ግን ማንም አላነሳም።

«የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ክፍላቸው ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ፣ ሚስማር ላይ። ረቡዕም እዚያው ነበር። ስደውል የገዛ ፊቴን አይቼበት ክው አልኩ።»

የማኅበሩ ክፍል የአሮጌው ትምህርት ቤት ምድር ቤት ነው፤ ኬቲል የደወለበት ስለሆነ ረቡዕ ማታ ፖሊስ አሽጎት ነበር። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ የካርድ መሳቢያ ነው። ሊቀ መንበሩ ላውሪትስ ጡረታ የወጣ መምህር ሲሆን፣ ዛሬም ሰው ሁሉ የቤት ሥራውን ያልሠራ ይመስለዋል።

«ከፔደር ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለችው ቱሪል።

«ተጣላን እንጂ! ሠላሳ ዓመት የለፋሁበት የመንደሩ መጽሐፍ ሊታተም ሲል መጥቶ አንድ ቤተሰብ ተሳስተሃል ይለኛል።»

«የትኛውን?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞረ። «የሲኖቬን።»

ሲኖቬ ካርዶቹን የምታስተካክል በጎ ፈቃደኛ ናት። እናቷ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ስለ አባትየው የተናገረችው «አንደርስ የሚባል መርከበኛ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት ላውሪትስ መዛግብት አገላብጦ አንደርስ ሃውግላንድ ነው አለ። ሰውየው ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ሃልቮርን ያኔ በሚኖሩበት ሩቅ ከተማ ትቶ ባሕር ላይ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ሁሉም ሌላ ወደብ ላይ ኑሮ መሠረተ ብሎ ያምን ነበር። ሃልቮር ዛሬ የሃውግላንድ እርሻ ባለቤት ነው። ሲኖቬን እህቴ ብሎ ተቀብሏታል።

«አንደርስ እርሷ ሳትወለድ ሞቶ ቢሆንስ?» አለች ቱሪል።

«አልሞተም!» ላውሪትስ ጠረጴዛውን መታ። «የቀብር መዝገቡ ከድሮው ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቃጥሏል፤ ፔደር የጠረጠረውን ያን ድንጋይ ደግሞ ማንም አንብቦት አያውቅም። በምን ያረጋግጣል?»

«ረቡዕ የት ነበሩ?»

«በዘጠኝ ሰዓት የሃውግላንድን ካርድ ለማተሚያ ቤቱ ገለበጥኩ፤ የዘጠኝ ተኩሉን ጀልባ ያዝኩ። የተመለስኩት ማታ ነው። የጀልባውን ካፒቴን ጠይቂ፤ ተማሪዬ ነበር፣ ያኔም ሰነፍ ነው።»

ቱሪል ካርዱን ከመሳቢያው አወጣች። ከአንደርስ ስም ሥር ሁለት ልጆች ተጽፈዋል፤ ሃልቮር 1947፣ ሲኖቬ 1951። በሲኖቬ ስም ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጭን የእርሳስ መስመር አለ። ላውሪትስ መነጽሩን አድርጎ ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ስገለብጠው ይሄ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ ስህተት አንፍቅም። የድሮው እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ እናሰምርበታለን። ግን ማን...?»

ሲኖቬ ቱሪልን ኩሽናዋ ውስጥ ተቀበለቻት። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እጆቿ አንድ ጊዜ ዕረፍት አያውቁም፣ የጠረጴዛውን ልብስ ያቀናሉ፣ ፍርፋሪ ይለቅማሉ።

«ረቡዕ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም፤ ራሴን አሞኝ ነበር» አለች።

«ወንድም ሲያገኙ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ሃምሳ ስምንት። ሦስት ሰው ቤት ነው ያደግሁት፤ በሦስቱም ገና ሲመጣ የምበላው ለብቻዬ ነበር። ሃልቮር ቤት በሄድኩበት በመጀመሪያው ገና ልጆቹ "አክስቴ" ብለው ተጠመጠሙብኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ሞኝ ነኝ አይደል?»

ቱሪል ሞኝ አይደሉም አለቻት። ከቤቱ ስትወጣ ልቧ ከብዷት ነበር፤ ጥርጣሬዋ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ደስ ባላት።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አራቱንም ማኅበሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ላውሪትስ ወንበሩ ላይ ተገትሮ፣ ኬቲል በሩን ተደግፎ፣ ሲኖቬና ሃልቮር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሃልቮር ትልቅ ሰውነት ያለው ዝምተኛ ገበሬ ነው።

«ሐውልቱ በራሱ ወድቆ ቢሆን ደስ ባለኝ» ብላ ጀመረች ቱሪል። «ግን ፔደር የሞተው አሥር ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ያንን ድንጋይ ሊያነብ የሚችለው አንድ ሰው መስታወት ከያዘለት ብቻ ነው። ደግሞም አንብቦታል፤ ከሥሩ ያገኘሁት ወረቀት ይኸው። ስለዚህ ብቻውን አልነበረም።»

«መስታወቱ ግን እዚህ ነው የተሰቀለው» አለ ኬቲል።

«አዎ። ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ሲሸሽ እዚያው ይጥለው ነበር። ይሄ ሰው ግን የማኅበሩ ዕቃ ዝናብ ላይ አያድርም ብሎ መለሰው። እጁ የለመደውን ነው የሠራው።»

ላውሪትስ «ታዲያ እኔ ነኝ ልትዪ ነው?» አለ።

«እርስዎ ጀልባ ላይ ነበሩ፤ ካፒቴኑን ጠይቄያለሁ። ኬቲልን ቄሱ አይተውታል፤ ካርድም ነክቶ አያውቅም።» ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ መስመር የተሰመረው ከዘጠኝ ተኩል በኋላ፣ ፖሊስ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደርሶ ክፍሉን ሳያሽግ ነው። በዚያ ጊዜ ድንጋዩ ምን እንደሚል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ሞቷል። መስመሩን ያሰመረው መስታወቱን የያዘው ነው።»

ቱሪል ካርዱን በጣቷ ጠቆመች።

«መጀመሪያ ግራ ገባኝ። የገደለው ሰው ነገሩን መደበቅ ከፈለገ ለምን በገዛ እጁ ካርዱን ያርማል? ኋላ ገባኝ። ዐሥር ዓመት ሙሉ የሰውን ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው፣ የተሳሳተ ካርድ አይቶ ማለፍ አልቻለም። የራሱ ስም ቢሆንም እንኳ።»

የሲኖቬ እጆች ጭኗ ላይ ጸጥ ብለዋል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቀኑን ጮክ ብሎ አነበበው። እኔም አየሁት። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቼ ነው። "አባትሽ አይደለም ሲኖቬ" አለኝ። መስታወቱን ሣሩ ላይ አስቀምጬ ልሄድ ብዬ ከድንጋዩ ኋላ ዞርኩ። ከኋላዬ "ሃልቮር ግን..." ሲል ሰማሁት። ለሃልቮር ሊነግረው ነው ብዬ አሰብኩ። ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ አሰብኩ። አላስጨረስኩትም፤ ድንጋዩን ገፋሁት።»

«የኬቲልን ቢጫ ምልክት አላዩም?»

ሲኖቬ መዋሸት ትችል ነበር። «አይቻለሁ» አለች።

ያን ጊዜ ሃልቮር ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«ፔደር ማክሰኞ ደውሎልኝ ነበር» አለ። «አባትህ እዚያ ሳይቀበር አይቀርም ብዬ ከወደቡ መዝገብ ጠርጥሬያለሁ፣ ድንጋዩን ላንብበው ወይ አለኝ። የአባቴን መቃብር ማወቅ እፈልጋለሁ፣ አንብበው፤ እሷ ግን ምንም ቢጻፍ እህቴ ናት፣ ይህንኑ ንገራት አልኩት። "ሃልቮር ግን" ሲልሽ ይሄንን ሊነግርሽ ነበር።»

ሲኖቬ እንደማልቀስ ያለ ድምፅ አወጣች። ላውሪትስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ፔደር ጓደኛዬ ነበር» አለ ሃልቮር። «ይቅር እንደምልሽ አላውቅም፤ ገና አላውቅም።»

ቱሪል ሕጉ የሚያዘውን ተናገረችና ቅጹን አውጥታ መሙላት ጀመረች። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ። የቅርብ ዘመድ የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

«ማንን ልጻፍ?»

«የለኝም» አለች ሲኖቬ።

ሃልቮር ቀና ሳይል «እኔን ጻፊ» አለ።

«ዝምድና?»

ላውሪትስ ሊናገር ብሎ ተወው። ሃልቮር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድም» አለ። ቱሪልም እንዳለው ጻፈች።