ምስል ያልመጣበት ቴሌቪዥን

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳዞሩ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ እግራቸው ሥር በወደቀው ትራስ ታፍነው እንደሞቱ ተናገረ፤ ሰዓቱን ግን በትክክል መለየት አልቻለም። ላፕቶፑ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ጀርባውን ለሟች ሰጥቶ ተቀምጧል። ሁለቱን ኬብል አያይዟቸዋል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ነገር ግን ሰማያዊ ብርሃን እንጂ ምስል የለበትም።

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ መርማሪዋ ሦስቱን ሰዎች ሳሎን ሰብስባ በሩን ቆለፈች። ባልደረቦቿ «ወረንጦ» ይሏታል፤ ሥጋ ውስጥ የተሰበረ እሾህ ሳትነቅል አትመለስም።

የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ የቤት ሠራተኛዋ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨበጠች። አንዲት ልጅ አለቻት። እሷ ብትታሰር ልጂቱ የማን ደጅ ላይ ትወድቃለች?

«እኔ የወጣሁት በዘጠኝ ሰዓት ነው» አለ የጋሼ የወንድም ልጅ። «የልጃቸውን የሠርግ ቪዲዮ በቴሌቪዥኑ ከፍቼላቸው፣ ሲያዩ ትቻቸው ሄድኩ።»

«ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለ በሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል የተከራየው ልብስ ሰፊ። «እኔ ከምሳ በኋላ ከደንበኞቼ አልተለየሁም። ጠይቂያቸው።»

«የቪዲዮው ድምፅ እስከ ስንት ሰዓት ተሰማ?» ወረንጦ ወደ ሠራተኛዋ ዞረች።

«እስከ አሥራ አንድ፣ እትዬ። እሱ ሲወጣ ‹አትረብሺያቸው› ስላለኝ አልገባሁም። ዝም ሲል ሻይ ይዤ ገባሁ።»

«እንግዲያው እስከ አሥራ አንድ በሕይወት ነበሩ!» አለ የወንድማቸው ልጅ። «ቤት ውስጥ የነበርሽው ደግሞ አንቺ ብቻ።»

በገዛ አፏ አንገቷ ላይ ገመድ እንዳጠለቀች ገባት። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው፤ በሩ ተቆልፏል።

ወረንጦ ሪሞቱን አንስታ ተጫነች። ምንም የለም። ጀርባውን ከፈተችው፤ ባዶ ነው።

«ባትሪው የት ሄደ?»

ሠራተኛዋ ወደ መሬት አቀረቀረች። ጋሼ ዕቃቸው ሲነካ የማይወዱ ሰው ነበሩ። እኔ ነኝ ብትል ሌባ ትባላለች፤ ከሌባ እስከ ነፍሰ ገዳይ ደግሞ አንድ እርምጃ ነው።

«እታለም፣ ተናገሪ እንጂ» አለ ልብስ ሰፊው። «ዝምታ ከዚህ አያወጣሽም።»

«እኔ… እኔ ነኝ የወሰድኩት። የወጥ ቤቱ ሰዓት ቆሞብኝ ነው። ሳላስፈቅድ…»

«ይኸው! ሌብነቷን አመነች!» ብሎ ጮኸ የወንድማቸው ልጅ።

«መቼ ወሰድሽው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ።»

«እውነቷን ነው፤ ሰዓቱን ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

ወረንጦ ውጭ በቆመው ፖሊስ ባትሪዎቹን ከሰዓቱ አስመጥታ ሪሞቱ ውስጥ ከተተችና አንድ ቁልፍ ተጫነች። የላፕቶፑ ገጽ በቴሌቪዥኑ ላይ ቦግ አለ፤ ሙሽራዋ ፈገግ እንዳለች ቆማለች።

«ኬብል መሰካት ብቻውን ምስል አያመጣም» አለች ረጋ ብላ። «ቴሌቪዥኑንም ኬብሉ ወደ ተሰካበት መስመር መቀየር ያስፈልጋል። የዚህ ቴሌቪዥን ቁልፎች ተነቃቅለዋል። ሶኬቱ ሲሰካ በራሱ ይበራል፤ መስመሩ ግን በሪሞት ካልሆነ አይቀየርም። ሪሞቱ ደግሞ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ባትሪ አልነበረውም። ታዲያ አጎትህ በዘጠኝ ሰዓት ምን ነበር የሚያዩት?»

«በ… በላፕቶፑ ነው ያዩት።»

«በጀርባው በኩል? ምስሉ እምቢ ሲልህ አልተጨነቅክም፤ የፈለግኸው ድምፁን ነው። በላፕቶፑ በራሱ እንዲወጣ አድርገህ፣ ወጥ ቤት ላለችው ሴት የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ከፍተህላት ሄድክ። ያኔ ጋሼ ሞተው ነበር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ስድስት ዓመት ያስታመምኳቸው እኔ!» አለ ድንገት። «ነገ ግን ቤቱን ለልጃቸው ሊያዛውሩላት ነበር። እኔን ሜዳ ላይ ጥለው!»

በሩ ተከፈተ። ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሠራተኛዋ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«እትዬ፣ ስለ ባትሪው… አልታሰርም?»

«ባትሪውን ባትወስጂው ኖሮ ነበር የምትታሰሪው» አለች ወረንጦ። «አሁን ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች።»

ሠራተኛዋ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ በሩ ሮጠች።